ከኮክፒት ሳይወጡ ሸራ ማሳጠር፦ የሪፍ ሥራ ማስታወሻ

ኦገስት መጨረሻ፦ መነሻው

ጀልባዬ ካታሊና 22 ናት። ርዝመቷ 22 ጫማ ገደማ ነው። አንድ ምሰሶና ሁለት ሸራ አላት። የምትታሰረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሳውዝ ሪቨር ላይ ነው። ወንዙ ወደ ቼሳፒክ ቤይ ሲገባ የቶማስ ፖይንት የመብራት ማማ ይታያል፤ ከ1875 ጀምሮ ውሃው መሀል በብረት እግሮቹ የቆመ ባለ ስድስት ማዕዘን የእንጨት ቤት ነው። ይህን ሥራ ያስጀመረኝ ነገር የተፈጠረው እዚያው አጠገብ ነው።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ። ባለቤቴና የ11 ዓመት ልጃችን አብረውኝ ነበሩ። ነፋሱ 12 ኖት ነው (ኖት የባሕር ላይ የፍጥነት መለኪያ ነው)፤ ደስ የሚል። ከምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። እዚህ አገር በበጋ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ስለሆነ፣ ሳይደርስብን ሪፍ ላድርግ ብዬ ተነሣሁ።

ሪፍ ለማያውቅ ሰው፦ ነፋስ ሲበረታ ዋናውን ሸራ ዝቅ አድርገህ የታችኛውን ክፍል ቡሙ ላይ ታስረዋለህ። ቡም ከምሰሶው ወደ ኋላ የሚወጣው አግዳሚ ቱቦ ነው፤ የሸራው እግር እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ሸራው ሲያንስ ጀልባዋ ትረጋለች። ለዚሁ ተብለው ሸራው ላይ የተሰፉ ሁለት ትልልቅ የብረት ቀለበቶች አሉ። አንዱ ከፊት፣ በምሰሶው በኩል ነው። ሁለተኛው ከኋላ። ሁለቱም ወርደው ቡሙ ላይ መጥበቅ አለባቸው።

በእኔ ጀልባ ይህን ለማድረግ ካቢኑ ጣሪያ ላይ መውጣት ግድ ነበር። ሸራውን የሚሰቅለው ገመድ፣ ሃሊያርዱ፣ የሚታሰረው ምሰሶው ላይ ነው። የፊቱን ቀለበት የሚይዝ መንጠቆ የለም፤ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት በቁራጭ ገመድ ነበር የሚያስረው። ለኋላው ቀለበት ደግሞ ቡሙን በአንድ እጅ ይዘህ፣ በሌላው ገመድ አሾልከህ ትቋጥራለህ። ያን ጊዜ ቡሙ ግራና ቀኝ እየተወራጨ ነው።

መሪውን ለባለቤቴ ሰጥቼ ወጣሁ። የፊቱን አስሬ ሳልጨርስ ነፋሱ ደረሰ። ጀልባዋ ጎኗ ውሃ እስኪነካ አጋደለች። ልጄ ጮኸች። በአንድ እጄ ምሰሶውን አቅፌ በሌላው ሃሊያርዱን ፈታሁና ሸራውን ጭራሽ ጣልኩት። በሞተር ገባን። ማንም አልተጎዳም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፦ «አንተ ውሃ ውስጥ ብትገባ፣ እኔ ይቺን ጀልባ አዙሬ ላወጣህ አልችልም።»

ስለዚህ ግቡ ይኸው፦ ሪፉ ኮክፒት ውስጥ፣ ማለትም መሪው ባለበት የኋላው መቀመጫ ላይ ተቀምጦ፣ በአንድ ሰው፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መደረግ አለበት። ያ ሰው ባለቤቴም መሆን መቻል አለባት። የመደብኩት ገንዘብ 300 ዶላር ነው።

1ኛ ሳምንት፦ መለካት

ጀልባዋ እንደታሰረች፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ በድሮው ዘዴ ሪፍ አድርጌ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ይህ ምንም ነገር ሳይነቃነቅ ነው።

ሜትር አውጥቼ ሸራውን ለካሁ። በምሰሶው በኩል 21 ጫማ፣ በቡሙ በኩል 9 ጫማ ከ8 ኢንች። ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ስፋቱ 101 ስኩዌር ጫማ ገደማ ይመጣል። የሪፉ ቀለበቶች ከታች 3 ጫማ ከፍ ብለው ነው የተሰፉት። ሪፍ ሲደረግ የሚቀረው ቁመት 18 ጫማ ይሆናል። 18ን ለ21 አካፍለህ ውጤቱን በራሱ ስታባዛው 0.73 ነው። ከሸራው ሩብ በላይ ይቀነሳል፣ 74 ስኩዌር ጫማ ይቀራል።

ሩብ ትንሽ ይመስላል። ትንሽ አይደለም። የነፋስ ጫና የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ከ15 ኖት ወደ 20 ኖት ሲወጣ ስሌቱ ከ225 ወደ 400 ነው። ፍጥነቱ በሲሶ ጨመረ፣ ጫናው ግን በ78 በመቶ። «ትንሽ ነው የጨመረው» ብለህ ስትጠብቅ ነው የሚቀድምህ።

ቼሳፒክ ደግሞ ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 21 ጫማ ብቻ ነው። ስለዚህ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ሹል ይሆናል። ጣሪያ ላይ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ክፉ ነው። እኔ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ውሃው ስለሚነሣ ታንኳ የሚቀዝፉት ማልደው ነው የሚሻገሩት። እዚህ እኔ የምወጣው ከሥራ ሲተርፈኝ ነው፤ ሰዓቱን መምረጥ አልችልም። መሣሪያዬን ማስተካከል ግን እችላለሁ።

ከሦስት መንገድ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። አንደኛው ርካሹ ነው፦ ቡሙ ከምሰሶው በሚገናኝበት ቦታ መንጠቆ ማድረግ። ለፊቱ ቀለበት ይበቃል፤ ግን አሁንም ወደ ምሰሶው መሄድ አለብህ። ሁለተኛው፣ አንድ ገመድ የፊቱንም የኋላውንም ቀለበት አንድ ላይ የሚያወርድበት ነው። ሦስተኛው፣ ለየቀለበቱ የራሱ ገመድ። ሁለተኛውን መረጥኩ። አንድ ገመድ መጎተት ቀላል መስሎኝ ነበር። ምን ያህል እንደተሳሳትኩ 3ኛው ሳምንት ላይ ይመጣል።

2ኛ ሳምንት፦ ሃሊያርዱን ወደ ኋላ ማምጣት

የትኛውንም ብመርጥ ሃሊያርዱ ወደ ኮክፒት መምጣት አለበት። መንገዱ እንዲህ ነው፦ ከምሰሶው ጫፍ ይወርዳል፣ ምሰሶው ሥር ባለ ፑሊ ይታጠፋል፣ ጣሪያው ላይ ባለ ጠፍጣፋ ባለ ሦስት ጎማ ፑሊ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ኮክፒቱ አፍ ላይ በሚቆልፍ ክላች ያልቃል። ለሪፍ ገመዶቹ ሁለት ካም ክሊት ገዛሁ፤ ገመዱን በጥርሳቸው ነክሰው ይይዛሉ፣ ወደ ላይ ሳብ ስታደርገው ይለቃሉ።

የመጀመሪያው ስህተት፦ የድሮው ሃሊያርድ አጠረ። ምሰሶው ላይ እንዲታሰር ተቆርጦ የነበረ ገመድ ነው፤ ወደ ኋላ ሲመጣ ተጨማሪ 8 ጫማ ይፈልጋል። አስቀድሜ መለካት ነበረብኝ። 60 ጫማ አዲስ ገመድ፣ 66 ዶላር።

ሁለተኛው ስህተት የባሰ ነው። ጣሪያውን በስቼ ፑሊውንና ክላቹን በብሎን አሰርኩ። ከሥራቸው የማሸጊያ ማጣበቂያ ቀባሁ፣ በውስጥ በኩል በዳዶ ጠበቅኩ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሁለት ቀን ዘነበ። ሐሙስ ስመለስ ልጄ የምትተኛበት ፍራሽ ርሷል።

የዚህ ጀልባ ጣሪያ በሁለት ፋይበርግላስ መሀል እንጨት ያለበት ነው። ቀዳዳው እንጨቱን ካለመከላከያ ከፍቶታል። ማጣበቂያው ትንሽ በከዳ ቁጥር ውሃው እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል። እንጨቱ ከበሰበሰ ጣሪያው እግር ሥር እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ያን ማስተካከል ከሪፍ ሥራው አሥር እጥፍ የሚበልጥ ጣጣ ነው።

ሁሉንም ፈታሁ። ሳምንቱን ሙሉ አደረቅኩት፤ ቀን ክፍት፣ ማታ በፕላስቲክ ሸፍኜ። ከዚያ እያንዳንዱን ቀዳዳ በወፍራም ፑንታ አሰፋሁት። ከሥር በቴፕ ዘግቼ በወፍራሙ በተቦካ ኢፖክሲ፣ ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ በሚደነድን ማጣበቂያ፣ ሞላሁት። በማግስቱ ሲደርቅ፣ በኢፖክሲው መሀል በትክክለኛው ፑንታ እንደገና በሳሁ። አሁን ብሎኑ የሚያልፈው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ እንደማለት ነው፤ እንጨቱን አይነካውም። ከእቃው ሥር ቡቲል ቴፕ፣ ከውስጥ ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ። በባልዲ ውሃ ደፋሁበት፣ አንድ ጠብታ አልገባም። ኢፖክሲው 38 ዶላር። ጣሪያ የምትበሱ ሰዎች ይህን ከመጀመሪያው አድርጉት።

3ኛ ሳምንት፦ አንዱ ገመድ አልሆነም

የገመዱ መንገድ እንዲህ ነበር፦ ከቡሙ ይነሣል፣ የኋላውን ቀለበት ያልፋል፣ ይወርዳል፣ ቡሙን ይዞ ወደ ፊት ይመጣል፣ የፊቱን ቀለበት ያልፋል፣ ወደ ምሰሶው ሥር ይወርዳል፣ በጣሪያው በኩል ወደ እኔ። 50 ጫማ ገመድ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል።

ስጎትተው የፊቱ ቀለበት በደንብ ወረደ። የኋላው ግን ቡሙ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ተነሥቼ በሙሉ ክብደቴ ሳብኩት። አልመጣም። ምክንያቱ ሰበቃ ነው። ገመዱ በታጠፈ ቁጥር ጉልበት ይበላል፤ እኔ ደግሞ ስድስት ቦታ አጥፌዋለሁ፣ ሁለቱ ተሽከርካሪ ጎማ የሌላቸው ቀለበቶች ናቸው። እኔ ጋ ያለው ጉልበት መጀመሪያ የሚያገኘው የፊቱን ቀለበት ነው። የኋላው ጋ ሲደርስ ተሟጧል።

የኋላው ቀለበት ካልጠበቀ ደግሞ ሪፉ ባይደረግ ይሻላል። የሸራው እግር ይላላና ሆዱ ይነፋል። በኃይለኛ ነፋስ የሚፈለገው ጠፍጣፋ ሸራ ነው፤ ሆድ ያለው ሸራ ጀልባዋን ይበልጥ ያጋድላታል።

መፍትሔ ብዬ የኋላው ቀለበት ላይ ትንሽ ፑሊ በአጭር ገመድ አሰርኩ። ሰበቃው ቀነሰ። ክፍተቱ ከስንዝር ወደ ሦስት ጣት ወረደ። ግን ሸራው ሲራገብ ፑሊው እንደ መዶሻ ይወራጫል፤ የሰው ራስ ቢያገኝ አይምርም። አወለቅኩት። ገመዱ 8 ሚሊሜትር ስለሆነ ነው ብዬ ከጓደኛ ቀጭን ተውሼ ሞከርኩ። ትንሽ ለውጥ አለ፣ የሚበቃ አይደለም።

በትልልቅ ጀልባዎች ቡሙ ውስጥ ተንሸራታች ፑሊዎች አሉ፤ የአንዱ ገመድ ዘዴ እዚያ በደንብ ይሠራል። በእኔ ቡም ያን ለማድረግ ወጪውም ሥራውም አይመጣጠንም። እሑድ ማታ ሁሉንም ፈትቼ ጨረስኩት። 50 ዶላር ገመድና 18 ዶላር ፑሊ መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። ወደ ሁለት ገመድ።

4ኛ ሳምንት፦ ሁለት ገመድ፣ አንድ የተሰበረ ጥርስ ማውጫ

የፊቱ ገመድ ቀላል ነው። ጫፉ ምሰሶው ግራ ላይ ባለ ትንሽ የብረት ጆሮ ይታሰራል፣ ቀለበቱን ያልፋል፣ በቀኝ ይወርዳል፣ ወደ ኋላ ይመጣል። በአንድ ጠዋት አለቀ።

ዋናው ሥራ የኋላው ነው። ገመዱ ከቡሙ አንድ ጎን ይነሣል፣ ቀለበቱን ያልፋል፣ በሌላው ጎን ቡሙ ላይ በጠፍጣፋው ወደተመታ ፑሊ ይወርዳል፣ ወደ ፊት ይሄዳል። ጥያቄው ያ ፑሊ የት ይመታ ነው። እኔ ቀለበቱ ሲወርድ የሚያርፍበት ቦታ ልክ ሥር አደረግኩት። ስህተት። ገመዱ ቀለበቱን ወደ ታች ብቻ ሳበው። ወደ ኋላ አልወጠረውም። የሸራው እግር ላይ መጨማደድ ቀረ። ገመዱ ሁለት ሥራ አለበት፦ ወደ ታች ማውረድና ወደ ኋላ መወጠር። ስለዚህ ፑሊው ቀለበቱ ከሚያርፍበት ወደ ኋላ ፈቀቅ ማለት አለበት።

ከመብሳት በፊት ማድረግ የነበረብኝን አሁን አደረግኩት። ነፋስ በሌለበት ሸራውን ሰቅዬ፣ ሪፍ አድርጌ፣ የኋላውን ቀለበት በጊዜያዊ ገመድ ቡሙ ላይ አሰርኩ። ገመዱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንሸራተትኩ የሸራውን እግርና የኋላ ጠርዝ አየሁ። ሁለቱም እኩል የተወጠሩበት ቦታ ከመጀመሪያው ቀዳዳዬ 2 ኢንች ተኩል ወደ ኋላ ነው። በቴፕ ምልክት አደረግኩ።

አንድ አባት አሉ፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይሉ ወርክሾፕ ውስጥ ሠርተዋል። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖሩት። ቅዳሜ ጀልባዋን ሊያዩ መጡ። የመጡት በጥሩ ሰዓት ነው፤ ጠዋት አሉሚኒየሙ ላይ ለብሎን የሚሆን ጥርስ ሳወጣ፣ የጥርስ ማውጫው መሣሪያ ቡሙ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶ ነበር።

«ዘይት አደረግህ?» አሉኝ።

«አላደረግኩም፣ ጋሼ።»

«ስትጠመዝዘው መልሰኸዋል?»

«ዝም ብዬ ወደ ፊት ነው የነዳሁት።»

«ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ። ፍርፋሪው ይወጣል። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው ብለህ አትናቀው፤ ይጣበቃል።»

የተሰበረውን በፑንታ ማውጣት አይቻልም፤ ከፑንታው ይጠነክራል። ቡሙ ባዶ ቱቦ መሆኑ አዳነን። ጋሼ በቀጭን ብረትና በመዶሻ ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ መቱት። የቡሙን የኋላ ክዳን ከፍተን ቁራጩን አራግፈን አወጣነው።

ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር ጠየቁኝ፦ ይህ ቱቦ ውፍረቱ ስንት ነው? በካሊፐር ለካን። 2 ሚሊሜትር። የምጠቀምበት ብሎን በኢንች 32 ጥርስ ነው፤ አንዱ ጥርስ 0.8 ሚሊሜትር ይወስዳል። ስለዚህ ብሎኑን የሚይዙት ሁለት ጥርስ ተኩል ብቻ ናቸው። ያን ሁሉ ጫና ለሚሸከም ፑሊ አይበቃም። ወደ ሪቬት ተሻገርን፤ 3/16 ኢንች የስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ሪቬት። የእኔ ትንሿ ሪቬት መምቻ ስቴንለስ አትችልም፤ እጄን አሳመመችኝ እንጂ አንዱንም አልበጠሰችም። ጋሼ ከልጃቸው ጋራዥ ባለ ረጅም እጀታ አመጡ። አራት ሪቬት፣ አምስት ደቂቃ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ስቴንለስና አሉሚኒየም ጨው ባለበት ውሃ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። የቼሳፒክ ውሃ የውቅያኖስን ያህል ባይሆንም ጨው አለው። እያንዳንዱን ሪቬት ከመምታታችን በፊት ለዚሁ የሚሆን ወፍራም ቅባት ነከርነው። የተሳሳቱትንም ቀዳዳዎች በሪቬት ዘጋኋቸው፤ ውሃ እንዳይገባ።

5ኛ ሳምንት፦ የምሰሶው በር

ሸራው ከምሰሶው ጋር የሚያያዘው በትንንሽ የፕላስቲክ ተንሸራታቾች ነው። ስላግ ይባላሉ። ምሰሶው ጀርባ ላይ ባለው ቦይ ይገባሉ። የሚገቡበት ሰፋ ያለ በር ከቡሙ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ሸራውን ለሪፍ ዝቅ ሳደርግ የታችኞቹ ሦስት ስላጎች በበሩ እየሾለኩ ይወጣሉ። ሪፉን ፈትተህ ሸራውን ስትሰቅል አይመለሱም። እንደገና ጣሪያ ላይ መውጣት ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ተሠርቶ ይህ ቢቀር ሥራው ዋጋ የለውም።

በሩን መዝጋት ነው። ከቀጭን የአሉሚኒየም ላሜራ ሁለት ቁራጭ ቆረጥኩ፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። በመሀላቸው የሚቀረው ክፍተት ከቦዩ ክፍተት ጋር እኩል መሆን አለበት። መጀመሪያ የቆረጥኳቸው ጠባብ ሆኑ፤ ስላጉ ተቀረቀረ። በሞረድ ግማሽ ሚሊሜትር ግማሽ ሚሊሜትር እያልኩ አሰፋሁ። ጠርዛቸውን በአሸዋ ወረቀት አለሰለስኩ። በአራት ትንንሽ ብሎን ታሰሩ። እዚህ ላይ ብሎን ይበቃል፣ ጫና የለውም፤ ሸራውን ለክረምት ለማውጣትም መፈታት አለበት። ዘይትም አደረግኩ፣ ሩብ ዙርም መለስኩ። አዲሱ ጥርስ ማውጫ 9 ዶላር ነው የወጣበት፣ አልተሰበረም።

አሁን ስላጎቹ እስከ ቡሙ ድረስ ይወርዳሉ፣ ተመልሰውም ይወጣሉ። ደረቅ የሲሊኮን ስፕሬይ ረጨሁባቸው። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ ያመጣው ይህ ነው።

6ኛ ሳምንት፦ ነፋስ ላይ

እሑድ። 16 ኖት፣ አንዳንዴ 20 ይመታል። ባለቤቴ አብራኝ ናት፣ ልጄ ቤት ቀርታለች።

መጀመሪያ ጀልባዋን አስቆምን። የፊቱን ትንሽ ሸራ ወደ ነፋሱ በኩል ገልብጠህ ይዘህ፣ መሪውን ወደ ተቃራኒው ስታስር፣ ጀልባዋ ነፋሱን በጎን ይዛ በቀስታ ትንሳፈፋለች። መሪ መያዝ አያስፈልግም። ሁለት እጅህ ነፃ ይሆናል።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ሃሊያርዱን ስለቅቀው ቡሙ ተንደርድሮ ወረደና የካቢኑን በር መታ። ቡሙን ከላይ የሚይዘውን ገመድ፣ ቶፒንግ ሊፍቱን፣ ልል አድርጌ ትቼው ነበር። በሩ ላይ ጭረት ቀረ። እዚያ ቦታ ላይ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ከአሁን በኋላ እሱን ማጥበቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ፦ የኋላውን ገመድ ቀድሜ ሳብኩ፣ ከዚያ ሃሊያርዱን ለማጥበቅ ሞከርኩ። ሃሊያርዱ አልሄደም። ሸራው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ተጨማደደ። የኋላው ጥግ ከታሰረ ሸራው ወደ ላይ መሄጃ የለውም።

ሦስተኛው ሙከራ ሠራ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሆነ፦ ቶፒንግ ሊፍቱን አጥብቅ። ቡሙን የሚቆጣጠረውን ገመድ ልቀቅ፣ ሸራው ነፋስ ይትፋ። ሃሊያርዱን እስከ ምልክቱ አውርድ። የፊቱን ገመድ ሳብና አስር። ሃሊያርዱን እንደገና በደንብ አጥብቅ። ከዚያ ብቻ የኋላውን ገመድ ሳብ፣ ቀለበቱ ቡሙን እስኪነካ። ቶፒንግ ሊፍቱን መልሰህ አላላ። የቡሙን ገመድ ሳብና ሂድ።

«እስከ ምልክቱ» ያልኩት ሃሊያርዱ ላይ በሰማያዊ ክር የሰፋሁትን ነው። ምልክቱ ክላቹ ጋ ሲደርስ የፊቱ ቀለበት ቡሙ ጋ ደርሷል። ቀና ብሎ ማየት የለም። መጀመሪያ በማርከር አድርጌው ነበር፣ በሁለት ሳምንት ጠፋ። ክር ይሻላል፣ በጨለማም በጣት ይታወቃል።

ሰዓቱ፦ 1 ደቂቃ ከ20። እስከ ማታ አምስት ጊዜ ደጋገምነው። የመጨረሻው 55 ሰከንድ።

አካሄዷም ተለወጠ። ከሪፉ በፊት ወደ 30 ዲግሪ እያጋደለች፣ መሪውን በሁለት እጅ ነበር የምይዘው። ከሪፉ በኋላ 15 ዲግሪ አካባቢ፣ በሁለት ጣት። ፍጥነቷ ሁለቱንም ጊዜ 5 ኖት ከምናምን። ብዙ ሰው ሪፍ ያዘገየኛል ብሎ ይፈራል። የዚህች ጀልባ ውሃ ላይ የሚያርፈው ርዝመት 19 ጫማ ከምናምን ስለሆነ ፍጥነቷ 5.9 ኖት አካባቢ ይገደባል። ከዚያ በላይ የሚጨመር ሸራ ማጋደል እንጂ ፍጥነት አይሆንም።

7ኛ ሳምንት፦ ሸራው ተቀደደ

በሁለቱ ቀለበቶች መሀል በሸራው ላይ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በእነሱ ቀጫጭን ማሰሪያ አሾልከህ የተንጠለጠለውን ሸራ ቡሙ ላይ ትሰበስባለህ። ለመልክና እይታ እንዳይጋርድ ነው። ጫና እንዲሸከሙ አልተሠሩም።

ነፋሱ ሲቀንስ ሪፉን ልፈታ ፈለግኩ። ሦስቱን ማሰሪያ ፈታሁ፣ አራተኛውን ረሳሁ። ሃሊያርዱን በዊንች፣ ገመድ በሚጠቀልለው መሳቢያ፣ ሳብኩ። ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀዳዳው ዙሪያ አራት ሴንቲሜትር ቅድ። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። ሸራ ሰፊው ጋ ወሰድኩት፤ 45 ዶላር። ሰውየው እየሰፋ የነገረኝ፦ በእንዲህ ያለ ጉዳት የሚመጣለት ሸራ ብዙ ነው።

ማሰሪያዎቹን አስወገድኩ። በምትካቸው አንድ ቀጭን ላስቲክ ገመድ በቡሙ ጎን ሄዶ ሸራውን ሳይበሳ አቅፎ ይይዘዋል። ብትረሳው ይለጠጣል እንጂ አይቀድም። በአጭር ጉዞ እሱንም አላደርገውም።

ኦክቶበር መጨረሻ

ቀዝቃዛ አየር አለፈና ከሰሜን ምዕራብ ነፋስ መጣ። ጠዋት 10 ኖት ነበር። ሦስታችንም ነን። ቶማስ ፖይንት ሳንደርስ ውሃው ላይ ነጫጭ አረፋ መታየት ጀመረ። እኔ ካቢን ውስጥ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ባለቤቴ «ሪፍ ላደርግ ነው» አለችኝ። ልውጣ ስላት «ተቀመጥ» አለችኝ። ልጄ መሪውን ያዘች። ሃሊያርዱ ሲለቀቅ ከውስጥ ሰማሁ፣ ክላቹ ሲዘጋ ሰማሁ። ጀልባዋ ቀና አለች። 52 ሰከንድ፤ ሰዓት የያዘችው ልጄ ናት።

ሂሳቡ፦ ሃሊያርድ 66። የሪፍ ገመዶች፣ 6 ሚሊሜትር 60 ጫማ፣ 51። የምሰሶ ሥር ፑሊዎች፣ ሦስት፣ 63። ባለ ሦስት ጎማው 48። ክላች 42። ሁለት ካም ክሊት 48። የቡሙ ፑሊ 27። የብረት ጆሮዎች 14። ሪቬትና ብሎን 19። ኢፖክሲ 38። ይህ 416 ዶላር ነው። የባከነው ገመድ፣ ፑሊና የጥርስ ማውጫው ዋጋ 77። የሸራ ጥገና 45። እስካሁን 538፤ ካሰብኩት 300 በጣም አልፏል። ክላች ላይ መቆጠብ አይቻልም። አንዱን ገመድ ባልሞክር ግን 68 ዶላር ይተርፈኝ ነበር።

ኖቬምበር

ሸራው ወርዶ ሸራ ሰፊው ጋ ነው። ሁለተኛ ረድፍ የሪፍ ቀለበት እያስገባልኝ ነው፣ 165 ዶላር። ከታች በ6 ጫማ ከፍታ። 15 ለ21 በራሱ ሲባዛ 0.51፤ ሸራው በግማሽ ይቀራል። የፑሊውን ቦታ ቡሙ ላይ በቴፕ ገምቼ አስቀምጫለሁ። ሳልለካ አልበሳም፤ ማርች ላይ ሸራው ሲመለስ ሰቅዬ አይቼ ነው። ሁለተኛው የሃሊያርድ ምልክት ቀይ ክር ይሆናል። ጋሼ ባለ ረጅም እጀታዋን መምቻ እስከዚያው አንተ ጋ ትቀመጥ ብለውኛል።